ያውቁ ኖሯል? ጉልበት ሲያብጥ አንጀትም ይጠየቃል

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ጉልበት ሲያብጥ «ቁርጥማት ነው» ወይም «ብርድ መታው» ይባላል። አንዳንዴ ግን መነሻው አንጀት ነው። ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይተስ የተባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶች ከአንጀት ውጭ ከሚያደርሱት ችግር ሁሉ በብዛት የሚታየው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

የጉልበትና የቁርጭምጭሚት እብጠት ብዙውን ጊዜ ተቅማጡ ሲያገረሽ ይመጣል፤ አንጀቱ ሲሻለው ይሻለዋል። የወገቡ ሕመም ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ አንጀት ሰላም ሆኖም ሊብስ ይችላል። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብ ድርቅ ብሎ ሲንቀሳቀሱ የሚፍታታ ከሆነ ብግነት ይጠረጠራል። በአጨዳ ድካም የመጣ የወገብ ሕመም እንዲህ አይደለም፤ እሱን ዕረፍት ያስታግሰዋል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ቢያበርዱም የታመመ አንጀትን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ስለዚህ ለጉልበቱ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው፣ ባይጠየቅም፣ ለሳምንታት የቆየ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ይናገር። «አሜባ ነው» ተብሎ ደጋግሞ ታክሞ ያልተሻለው ደግሞ ይበልጥ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው የአንጀት ቲቢ ነው፤ ክሮንስን እጅግ ይመስላል። ብግነት የሚያበርዱት ስቴሮይዶች ቲቢን ስለሚያባብሱ፣ ጥንቁቅ ሐኪም አስቀድሞ ቲቢን ያጣራል።

ሰልፋሳላዚን የተባለው መድኃኒት ታሪክም የሚገርም ነው። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ መድኃኒቱን ስታስብ ዓላማዋ የመገጣጠሚያ ብግነት ነበር፤ የቆሰለ አንጀትንም ሲያክም ተገኘ። ዛሬም ለሁለቱም ይታዘዛል።