ከሩዝ ማሳ የሚጀምር የመመረቂያ ጥናት

ከወረታ እስከ ይፋግ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲበረታ ውኃ ይተኛበታል። ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ የተዘራው ይሰጥማል፤ የፎገራ ከብት ግን የኖረው በዚሁ ረግረግ ሣር ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ ጅግናና በፎገራ ወረዳ ሻጋ በነበሩ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስዘሩ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ዛሬ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባውም ከብት ይቀለብበታል።

አንድ አካባቢ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሰብሉን ሲለውጥ ለሥነ ልቦና ተማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። የዲግሪ ተማሪዎች ሲኒየር ኢሴይ የሚሉት የመመረቂያ ጥናት ብዙ ጊዜ ከግቢው አጥር አይወጣም፤ መጠይቁም የሚበተነው ለዚያው ለክፍል ጓደኛ ነው። ባሕር ዳር ለሚማር ግን ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው።

ሰብል የሰውን አስተሳሰብ ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከቻይና ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ታልሄልምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት 1,162 የቻይና ተማሪዎችን ፈትነው፣ ሩዝ ከሚመረትበት ደቡብ የመጡት ስንዴ ከሚመረትበት ሰሜን ከመጡት ይልቅ ራሳቸውን ከሌላው ጋር አያይዘው፣ ነገሮችንም በዝምድናቸው ያያሉ አሉ። ምክንያታቸው ሩዝ ጉልበት ይበላል፣ ውኃውም ከጎረቤት ጋር ካልተስማሙ አይገኝም የሚል ነው። ደቡቡና ሰሜኑ የሚለያዩት በሰብል ብቻ ነው ወይ ብሎ የሚሞግት አልጠፋም። ታልሄልም እ.ኤ.አ. በ2024 ከአንድ ባልደረባው ጋር ይዞት የመጣው መልስ ከቻይናዋ ኒንግሺያ የተገኘ ነበር፦ መንግሥት ሰዎችን ያለ ምርጫቸው የመደበባቸው ሁለት እርሻዎች፣ አንዱ የሩዝ፣ ሌላው የስንዴ። ልዩነቱ እዚያም ታየ።

ፎገራ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። እዚህ ሩዙ በአብዛኛው የሚበቅለው በዝናብና በጎርፍ ነው፤ የሚዘራውም ተበትኖ ነው። ስለዚህ በቦይ ውኃ መከፋፈል የሚባለው ምክንያት እምብዛም አያስኬድም። የቀረው አረሙ ነው። አረሙ ደግሞ ወንፈልና ደቦ ይጠራል፤ ይሁን እንጂ የደጋው ጤፍ አራሽም ደቦ ያውቃል። ሜዳውን ከደጋው ማወዳደር የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ ቋንቋው፣ ታቦቱና ገበያው አንድ ሆኖ በዋናነት ማሳው ይለያያል።

መሣሪያው ግን እንዳለ አይገለበጥም። ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ ሦስት ነገር ሰጥቶ የሚዛመዱትን ሁለቱን ማስመረጥ ነው። በሬ፣ ዶሮና ሣር ቢቀርብለት የፎገራ ገበሬ ያለ ማመንታት በሬን ከሣር ያገናኛል፤ ይህ የአስተሳሰብ ዘይቤ ይሁን የዕለት ሥራው ማን ይለያል? ሌላው ፈተና ራስንና ወዳጆችን በክብ ሥሎ የክቦቹን መጠን ማነጻጸር ነው። እስክሪብቶ ይዘው የማያውቁ አባት ዘንድ የሚለካው እጃቸው ይሆናል። ትልልቅና ትንንሽ ጠጠር አቅርቦ «አባቴ፣ እርስዎ የትኛው ነዎት? ወዳጅዎስ?» ማለት ይሻላል።

ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው አጃቢው ነው። ተማሪው የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤ ይዞ ቀበሌ ይሄዳል፣ ቀበሌው ሰው ያስከትልለታል። ገበሬው ግብር ወይም የመሬት ልኬታ የመጣ ከመሰለው መልሱ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሆናል።

ሩዝ ሳይገባ ያረሱ ሽማግሌዎች አሁንም በሕይወት አሉ። ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ቤት ማወዳደር ይቻላል፤ ልጆቹ ግን ሩዝ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ስልክም ይዘው ስላደጉ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደለወጣቸው ለመለየት ሩዝ ያልገባበት የደጋ ቀበሌ አባትና ልጅም መጠየቅ አለባቸው።