ቤቱን ጭኖ የሚጓዝ እንግዳ
ወደ ዳናክል በረሃ በመኪና ለመውጣት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

ሐዋሳ ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በመሆኑም አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ የውጭ አገር መንገደኞች መኪናዎች ሲያልፉባት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከእነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ አልጋው፣ ምድጃውና የውኃ ማጠራቀሚያው አብሮ የተሠራላቸው፣ በጎማ ላይ የቆሙ ቤቶች ናቸው። ባለቤቶቹ ሲመሽ ካሉበት ያድራሉ፤ ሲነጋ ቤታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ልጆቻችንም ያዩና «እኛስ መቼ ነው እንዲህ የምንጓዘው?» ይላሉ።

ጥያቄው መልካም ነው። በምድር ላይ ተጉዞ የአላህን ሥራ ማስተዋል በእምነታችን የተወደደ ነገር ነው። ዛሬ በርካታ ወጣቶች ለማየት የሚጓጉት ደግሞ ሰሜን ምሥራቁን፣ የዳናክልን በረሃ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም በበረሃ ውስጥ ቤቱን ጭኖ የሚሄድ ሰውም ቢሆን እንግዳ መሆኑ የማይቀር መሆኑ ነው።

ከሐዋሳ እስከ ዳሎል

የሐዋሳ ሰው ወደ ዳናክል ሲሄድ ከስምጥ ሸለቆ ሳይወጣ ነው የሚጓዘው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከዚያም ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ሎግያና ሰመራ ይደርሳል። በገዋኔና በሚሌ መካከል የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የተቋቋመውም ከምድር እየጠፋ ያለውን የአፍሪካ የዱር አህያ ለመጠበቅ ነው። ከሰመራ አልፎ ከሰርዶ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ አፍዴራ የጨው ሐይቅ ይወስዳል። ከዚያ በስተ ሰሜን ኤርታሌ ይገኛል፤ ስሙ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ሲሆን ከፍታው 613 ሜትር ነው። ከሁሉም ወዲያ ያለው ዳሎል ግን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዚያ የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ይህ የቀንና የሌሊት፣ የበጋና የክረምት ሙቀት ሁሉ ተደምሮ የተገኘ አማካይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ምድሪቱም ገና አላረፈችም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። በአፍዴራ በኩል ያሉ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በአመድ ተሸፈነ። ለመንገደኛ ትርኢት የሆነው ነገር ለባለ አገሩ የከብቶቹ ረሃብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከመኪናው በፊት የነበረ ቤት

ተጓዥ ቤት ለአፋር አዲስ ፈጠራ አይደለም። የአፋር ሕዝብ ዳቦይታ የሚባል ቤት አለው። ከጎበጡ እንጨቶችና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራ ነው። የሚሠሩትና የሚያፈርሱት ሴቶቹ ናቸው። ዝናብና ሣር ወዳለበት ለመሄድ ሲነሱ እንጨቱና ሰሌኑ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል፤ ከደረሱበትም መልሶ ይቆማል። ይህ ቤት ሲተከልም ሆነ ሲነቀል ውኃው የት እንዳለ፣ የማን ጎሣ ግጦሽ እንደሆነ፣ ሰላም መኖሩ ሳይጠየቅ አይሆንም። እኛም ልንማረው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ፈቃድና ወሬ

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1875 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በግብፁ ኸዲቭ ስም ጦር አስከትሎ ወደ አውሳ ገባ፤ እዚያውም ተገደለ። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር ግን እ.ኤ.አ. በ1934 አውሳ ሲደርስ ከሱልጣን ሙሐመድ ያዮ ፈቃድ ጠይቆ አገኘ። የአዋሽን ወንዝ ተከትሎም ውኃው ባሕር ሳይደርስ የሚያበቃበትን የአቤ ሐይቅ ለማየት በቃ።

የአፋር ሕዝብ በመንገድ ላይ ሲገናኝ የሚለዋወጠው ወሬ ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ማን ታመመ? የጠፋ ግመል ታየ ወይ? እንግዳ አለፈ ወይ? ይባባላሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፤ ወሬ ማጣመም ትልቅ ነውር ነው። በመድረሳ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ የሐዲስ ሊቃውንት «ከማን ሰማህ?» እያሉ ዘገባን ያጣሩበት ጥንቃቄ ትዝ ይለዋል። በረሃ ውስጥ የሐሰት ወሬ ሰውን ወደ ደረቀ ጉድጓድ ሊወስድ ይችላልና።

እናንተም በዚያ ስታልፉ የዳጉ አካል ናችሁ። በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታሌ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነትም ወደ አፋር ክልል ዘልቆ ነበር። ስለዚህ ሰመራ ላይ የክልሉን ቢሮ ሳይጠይቁ፣ የአካባቢውን መሪ ሳይዙ ወደ ሰሜን መዝለቅ ጀግንነት ሊባል አይችልም፤ የልጆችን ነፍስ ማስያዝ ነው።

ውኃው የማን ነው?

ትልቁ ፈተና ውኃ ነው። የመኪናው ማጠራቀሚያ ሲጎድል ከመንደሩ ጉድጓድ መሙላት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መንገደኛ ለሻወርና ለሳህን ማጠቢያ የሚያፈሰው ውኃ፣ አንዲት እናት በግመልና በአህያ ከሩቅ ያመጣችው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠጣውም ሆነ የሚታጠቡበት ከከተማ ተገዝቶ ይጫን፤ ከጉድጓድ የሚቀዳው ለችግር ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተጠይቆ ይሁን።

ሃይማኖታችን በዚህ ረገድ አግርቶልናል። ሙሳፊር ባለ አራት ረክዓ ሶላቶችን ሁለት ሁለት አድርጎ ይሰግዳል። ያለው ውኃ ለመጠጥ የሚያስፈልግ ከሆነም በተየሙም ይሰግዳል። አብሮት የተጠማ ሰው ወይም እንስሳ ካለ ያም ጥማት የሚቆጠር ነው። ልጆች ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ይማሩታል፤ ጥበቡ የሚገባቸው ግን ጀሪካኑ ሲጎድል ያዩ ጊዜ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

የውጭዎቹን ዓይነት መኪና ማግኘት ግድ አይደለም። እስከ ሰመራ መንገዱ አስፋልት በመሆኑ ዘመድ አዝማድ ተሰባስቦ በተከራየው ሚኒባስ መሄድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ፎር ዊል መኪና፣ ያውም ከአንድ በላይ ያስፈልጋል፤ አንዱ በአሸዋ ቢያዝ ሌላው ይጎትተዋል። ከባድ መኪና በአሸዋ ላይ ፈጥኖ ይሰምጣል። ሁለት ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ ለራዲያተር የሚሆን ውኃና ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር የመጠጥ ውኃ ይያዝ። የተሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። አዛውንትና ሕፃናትን ይዞ ከሰመራ አለማለፍ ይመረጣል። ሰዎችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ በተለይም ሴቶችን። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከመንደር ስትደርሱም መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግራችሁ ቅረቡ፤ አሰላሙ ዐለይኩም በሉ፤ ተቀመጡ፤ የምታውቁትን ንገሩ፤ የሚነግሯችሁንም ስሙ።

እንዲህ አድርጎ የሄደ ቤተሰብ በመኪናው ከጫነው ቤት የሚበልጥ ነገር ያገኛል፤ የሰው ቤት ይከፈትለታል። አላህ የመንገደኞችን ጉዞ የሰላም ያድርግልን፤ በአመድና በድርቅ ለተፈተኑት ወገኖቻችንም ዝናቡን ያውርድላቸው። አሚን።