መዓዛማ ዘይትና ጎታ፦ የዕፅዋት ትነት እህልን ከነቀዝ የሚጠብቅበት ሁኔታ

በታች ጋይንት ወረዳ በአርብ ገበያ አካባቢ፣ እንደ ሌሎች የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ፣ እህል ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሚቆም ጎታ ይቀመጣል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይራባበትም፤ ማሽላ፣ ስንዴና ሽምብራ ግን ይጠቃሉ። ነቀዝን የሚፈራ አርሶ አደር ወይ በመከር ማግሥት በርካሽ ይሸጣል፣ ወይ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ይጠቀማል። እንክብሉ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ሰውንም የሚገድል ሲሆን ልዩ ማርከሻ የለውም። ጎታው ከመኝታ አጠገብ ሲሆን አደጋው የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ከዕፅዋት የሚገኝ አማራጭ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

መዓዛማ ዘይት ከቅጠል፣ ከአበባ ወይም ከዘር በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ከምግብ ዘይት የሚለየው በቀላሉ በመትነኑ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ውሁዱ ሲኒዮል ነው፤ የደጋው ጦስኝ ዘይት ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል ይዟል። እነዚህ ውሁዶች በነፍሳቱ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ገብተው የነርቭ ሥርዓታቸውን ያውካሉ። አንዳንዶቹ አሴቲልኮሊንኤስትሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ሌሎቹ በነፍሳት ነርቭ ዋና መልእክተኛ በሆነው በኦክቶፓሚን ሥራ ላይ ጣልቃ ይገባሉ።

ይሁን እንጂ የቤተ ሙከራ ውጤት በቀጥታ ወደ ጎታ አይሸጋገርም። ፍተሻው ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው ክዳኑ በተገጠመ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ነው። ጎታ ከዚህ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ እህሉ ራሱ ትነቱን ስለሚስብ በባዶ ዕቃ የበቃው መጠን በሙሉ ጎታ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ጭቃ አየር ያሳልፋል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ነቀዝ አብዛኛውን ዕድገቱን በፍሬው ውስጥ ይጨርሳል። የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላል ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ የሽምብራ ነቀዝ እንቁላሏን በፍሬው ገጽ ላይ ብትለጥፍም ዕጩ እንደተፈለፈለ ወደ ውስጥ ይበሳል። ስለዚህ በውጭ የሚታዩት ጉልምሶች ቢሞቱም፣ ትነቱ ካለቀ በኋላ በውስጥ ያደገው ትውልድ ይወጣል።

ከዚህ የሚከተለው፣ ከተክሉ ምርጫ አስቀድሞ ትነቱ የሚቆይበት ዕቃ መታሰብ እንዳለበት ነው። መጠኑ አነስተኛ የሆነ የዘር እህል ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን አየር የማያስገባ ዕቃ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ ዘይትም ነቀዝን ይገድላል፤ ባለ ሦስት ድርብ የእህል ከረጢት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም ዘይት ያልገባበት የታሸገ ዕቃ በማነጻጸሪያነት ካልተጨመረ፣ የዕቃው ሥራ ለዘይቱ ይቆጠራል። ለሽምብራ ደግሞ የማይተነው የኑግ ዘይት ሌላ ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ የምግብ ዘይት በስሱ ሲቀባ በፍሬው ገጽ ላይ ያለውን እንቁላል አየር ያሳጣዋል።

መለኪያውም በ24 ሰዓት የሞተው ነቀዝ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም። ከሳምንታት በኋላ ከፍሬው የሚወጣው አዲስ ትውልድ፣ የዘሩ ብቅለትና የምግቡ ጣዕም አብረው መመዘን አለባቸው። አርሶ አደሩ ሽያጩን ለማዘግየት የሚደፍረው እህሉ እስከ ክረምት እንደሚቆይ ሲተማመን ነውና።