ስክሪኑ የመኪናው፣ ሥራው የስልኩ

የጀርመኑ መኪና አምራች ቢኤምደብሊው በአሜሪካ ገበያ አንድ እንግዳ ሒሳብ አምጥቶ ነበር። አዲስ መኪና የገዛ ሰው፣ የስልኩን መተግበሪያዎች በመኪናው ስክሪን የሚያሳይለትን አፕል ካርፕሌይ የመጀመሪያውን ዓመት በነፃ ይጠቀማል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ 80 ዶላር ይከፍላል። ደንበኞች አጉረመረሙ፤ ኩባንያውም በ2019 መገባደጃ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ክፍያውን ተወ። ቢኤምደብሊው የሚገዛ ሰው 80 ዶላር ይከብደዋል ብዬ አላምንም። ያስቆጣው፣ ለምን እንደሚከፍል አለመታወቁ ነው።

በ2014 የወጣው ካርፕሌይም ሆነ በ2015 የተከተለው አቻው አንድሮይድ አውቶ ከመኪናው የሚፈልጉት ጥቂት ነው። ካርታውን የሚስለው፣ ሙዚቃውን የሚያወርደው፣ የሹፌሩን ትእዛዝ ሰምቶ የሚተረጉመው ስልኩ ነው። ስልኩ ያሰናዳውን ምስል ጨምቆ፣ እንደ ቪዲዮ፣ በገመድ ወይም በዋይፋይ ወደ መኪናው ስክሪን ይልካል። ሹፌሩ ስክሪኑን ሲነካ ደግሞ የትኛው ቦታ እንደተነካ ለስልኩ ይነገረዋል። ገመድ ከሌለ ብሉቱዝ ሁለቱን ያስተዋውቅና ሥራውን ለዋይፋይ ያስረክባል፤ ብሉቱዝ ለቪዲዮ ጠባብ ነውና። የኢንተርኔቱን ሒሳብ የሚከፍለውም የስልኩ ባለቤት ነው። መኪናው ስክሪኑን፣ ስፒከሩንና ማይክሮፎኑን ያውሳል፤ የእነሱ ዋጋ መኪናው ሲገዛ ተከፍሏል።

ወርሃዊ ክፍያ ሁሉ ዘረፋ ነው እያልኩ አይደለም። የራሱ ሲም ካርድ ያለው መኪና በየወሩ የኔትወርክ ወጪ አለበት፤ ቴስላ በአሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት በወር 10 ዶላር ገደማ ማስከፈሉ ይገባኛል።

መቀመጫ ማሞቂያ ግን ምን ኔትወርክ ይፈልጋል? ቢኤምደብሊው በ2022 በብሪታንያ ለዚህ በወር 15 ፓውንድ ጠየቀ። ማሞቂያው ፋብሪካ ውስጥ ተገጥሟል፤ መኪናው ክብደቱን ተሸክሞ ይዞራል፤ የጎደለው የሶፍትዌር ፈቃድ ብቻ ነው። ቤት ሸጦ አንዱን ክፍል ቆልፎ ኪራይ እንደመጠየቅ ነው። ኩባንያው በ2023 ይህንንም ተወው። መርሴዲስም በ2022 በአሜሪካ ለአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ፣ ሞተሩ ያው ሆኖ፣ ፈጠን ብሎ መነሳትን በዓመት 1,200 ዶላር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ መንገድ ነው። በ2023 ከወደፊት የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ካርፕሌይንና አንድሮይድ አውቶን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። የመኪናው የራሱ ካርታ ከባትሪው ጋር ተናቦ ቻርጅ የት እንደሚደረግ ያቅዳል ይላል፤ ክርክሩ ፍሬ አለው። ነገር ግን ኩባንያው በ2021 ለባለሀብቶች ሌላም ነገር ነግሯቸዋል፦ አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ ከሶፍትዌርና ከአገልግሎት በዓመት ከ20 እስከ 25 ቢሊዮን ዶላር መሰብሰብ ይፈልጋል። ስክሪኑን ስልኩ ከያዘው ደግሞ ያ ሁሉ ሸቀጥ የሚዘረጋበት ቦታ አይኖረውም።