«ሽየን» ጣፈጠ ወይስ ጨው በዛበት?

አንዲት የምግብ ቤት አስተናጋጅ ሾርባ አቅርባ ስትመለስ ቻይናዊው ደንበኛ «ሽየን!» ቢላት ምን ትመልስ? ድምፁ ከፍ ብሎ እኩል ከወጣ ሾርባው ትኩስና ለዛ ያለው ነው ማለት ነው። ከመሃል ተነስቶ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ከወጣ ግን ጨው በዝቶበታል እየተባለች ነው። አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ወቀሳ። በወቀሳው ላይ ፈገግ ብላ ካለፈች ያንን ደንበኛ ዳግመኛ ላታየው ትችላለች።

ነገሩ ለየካ ክፍለ ከተማ እንግዳ አይደለም። በመገናኛ በኩል እስከ አያት የሚዘልቀውንና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቀላል ባቡር መስመር የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። ቀድሞ ኢትዮ-ቻይና ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይባል በነበረው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም የኮንፊሽየስ ተቋም የቻይንኛ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በዚሁ ግቢ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የሉባን ወርክሾፕ ተከፍቷል።

ይሁን እንጂ የመማሪያው ቅደም ተከተልና የገበያው ፍላጎት ሁልጊዜ አይገጥሙም። ኤችኤስኬ በተባለው የቻይንኛ ፈተና በቀድሞው የስድስት ደረጃ አወቃቀር አንደኛው ደረጃ 150 ቃላት ይጠይቃል። «ሃው ቺ»፣ ማለትም «ይጣፍጣል»፣ በሁለተኛው ይገኛል። ኮምጣጣ፣ መራራ፣ ጨዋማና የሚያቃጥል የሚሉት ግን የሚመጡት 1,200 ቃላት በሚጠይቀው አራተኛ ደረጃ ላይ ነው። በምግብ ቤት ሥራ ለምትተዳደር ወጣት ይህ ረጅም መንገድ ነው።

አቋራጩ ቃሉን ከጓዳ ዕቃ ጋር ማያያዝ ነው። ሎሚና እንጀራ «ስዋን» ናቸው፤ ማር «ትየን»፣ ስኳር ያልገባበት ቡና «ኩ»፣ ሚጥሚጣ «ላ»። አያቃጥልም ለማለት «ቡ ላ» ይባላል፤ የቡላ ገንፎ የሚያውቅ ሰው ይህን አይረሳውም። «ማ» ግን በእኛ ማዕድ የተለመደ ጣዕም አይደለም። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ምላስ ሲያደነዝዝ የሚሰማው ስሜት ነው። ሾላ ገበያ አትክልት ለሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ «ሺን ሽየን»፣ ማለትም «ትኩስ፣ ያልጠወለገ»፣ ከሁሉም ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል።

ችግሩ ያለው ዜማው ላይ ነው። «ታንግ» በአንድ ዜማ ሾርባ፣ በሌላው ስኳር ነው። «የን» በአንዱ ሲጋራ፣ በሌላው ጨው ነው። ጨው የጠየቀ ሰው ሲጋራ ቢቀርብለት የሚገርም አይሆንም። በደብተር ላይ በፊደላችን የተጻፈ እንደሆነ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ዜማውን የሚያሳይ ምልክት የለንም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም» ይሆናል፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደሉ ሳይለይ ጆሮ ይለየዋል። እዚያ መጥበቅና መላላት፣ እዚህ የድምፅ መውጣትና መውረድ። ስለዚህ የምግብ ቃላትን ከደብተር ይልቅ ከሰው አፍ መማር ይሻላል።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ አሥር ቃላት አነስተኛ ወጪ ናቸው። ምግብ ሻጭ የሚሸጠው ጣዕም ነው፤ ስለ ሸቀጡ ገዢው የሚሰጠውን አስተያየት የማይሰማ ነጋዴ ጉድለቱን የሚያውቀው ወንበሩ ባዶ ሲቀር ነው። ያኔ ደግሞ አስተርጓሚ ቢጠራ የሚተረጎም ደንበኛ የለም።