የሕግ ትምህርት ለዳኛና ለጠበቃ ብቻ አይደለም

በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ ይመልስ ነበር። በዛሬው ኑሮ ግን ሕግ በመሐላ ብቻ አይጠበቅም። በአንቀጽ ተከፋፍሎ ተጽፏል፤ የሚያስከብሩትም ሰዎች በትምህርት ቤት ሊሠለጥኑበት ይገባል። ስለዚህ ሕግን ማን ይማረው፣ እንዴትስ ይማረው የሚለው ጥያቄ የምሁራን ብቻ ሳይሆን የእናቶችም ጥያቄ ነው።

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ ሕግ ተማረ ሲባል ዳኛ ወይም ጠበቃ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ አሶሳም ሆነ ደብረ ዘይት፣ ባሏ የደበደባት እህት ወይም ልጇ በሌሊት የተያዘባት እናት በመጀመሪያ የምታገኘው ዳኛን አይደለም። የምታገኘው በፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ቃል የሚቀበለውን መርማሪ ነው። ይህ ሰው ሕጉን ካላወቀ መዝገቡ ከመነሻው ይጣመማል፤ ዳኛውም በኋላ የሚፈርደው በተጻፈለት መዝገብ ላይ ነው። ፖሊስ፣ መርማሪ ወይም የማረሚያ ቤት ባልደረባ ለመሆን የሚማር ወጣት ከሕግ ተማሪው ጋር የሚጋራቸው የትምህርት ዓይነቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ከእነዚህም አንደኛው ሕገ መንግሥት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዲኖረው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። «በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ቃል ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ጎን ለጎን በሚኖሩበት ክልል፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ ብቻ ሁሉም የተባለውን ተረድቷል ማለት አይቻልም። ይህን የተማረ መርማሪ ቃል ከመቀበሉ በፊት አስተርጓሚ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የወንጀል ሕግ ነው። ጠቅላላው ክፍል አንድ ድርጊት መቼ ወንጀል እንደሚሆን፣ ሐሳብና ቸልተኝነት በምን እንደሚለያዩ፣ ራስን መከላከል እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ ያስተምራል። ልዩው ክፍል ደግሞ እያንዳንዱን ወንጀል ከነቅጣቱ ይዘረዝራል። ሦስተኛው ስለ አያያዝ፣ ስለ ብርበራ፣ ስለ ዋስትናና ስለ ጊዜ ቀጠሮ የሚናገረው የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አራተኛው የማስረጃ ሕግ ነው። የተደፈረች ልጅ ልብሷ ሳይታጠብ እንዲቀመጥና ሳትዘገይ ሐኪም እንዲያያት የሚያደርግ ፖሊስ ይህን ትምህርት በሥራ ላይ አዋለው ማለት ነው።

የእነዚህ ትምህርቶች ዋጋ በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ በደረሰው ጉዳይ በግልጽ ታይቷል። አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ተከታትሎ ደረሰባት፤ ተኩሳም ገደለችው። በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ጉዳይዋን የያዘላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ከረጅም ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ልጅቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኩም በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለዓለም ቀርቧል።

ወይዘሮ መዓዛ የአሶሳ ተወላጅ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በዳኝነትም ሠርተው፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው በመሾም ለዚህ ኃላፊነት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ልጅቱን በመጀመሪያ የተቀበሏት ሰዎች ራስን መከላከል ምን እንደሆነ በሚገባ ተምረው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል መንገላታት ያስፈልጋት ነበርን?

ሕጉም እንደ ዘመኑ ተለውጧል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ከጠላፊዋ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። አንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። ይህን ያልተማረ መርማሪ ግን ዛሬም «ሂዱና በሽማግሌ ጨርሱት» ሊል ይችላል።

የመማሪያው በር ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቷል። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ከሩቅ ጠረፍ መጥቶ መማር ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነበር። ዛሬ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ሰንዳፋ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲም የፖሊስ ባልደረቦችን ያስተምራል። ነገር ግን አንቀጽን በቃል አጥንቶ ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም። ተማሪው የመዝገብ ምሳሌ ተሰጥቶት «ይህች ሴት አሁን ከፊትህ ብትቆም ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

እናቶችና እህቶች! ሴት ልጃችሁ ፖሊስ ወይም መርማሪ ልሁን ስትላችሁ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብላችሁ አትመልሷት። ተበድላ ለምትመጣ ሴት፣ ሕጉን የምታውቅ ሌላ ሴት ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣ ማግኘቷ ትልቅ እፎይታ ነው። እናንተም 48ቱን ሰዓት አትርሱ፤ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ የሰጣችሁት ቃል ተነብቦላችሁ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ኃይል የሚኖረው ተናጋሪዋም ሰሚውም ሕጉን ሲያውቁት ነው።