እውነትና ሐሰት በትእዛዝ መስመር ላይ

«እውነት ወይም ሐሰት በሉ» የሚለውን የፈተና ዓይነት የማያውቅ መምህርም ሆነ ሠልጣኝ በመካከላችን አይገኝም። ኮምፒውተርም ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ጋር ሲታገል ይውላል። ሁለት ዋጋ ብቻ ያለው ይህ ነገር «ቡልያን» ይባላል። ስያሜው የመጣው ከእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል (እ.ኤ.አ. 1815–1864) ነው። ቡል ገና በ19 ዓመቱ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተማረ ስለሆነ የሙያ ባልደረባችን ነው ብንል አናጋንንም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም በትእዛዝ መስመር የሚሰጠውን እውነት ወይም ሐሰት እንዴት አድርጎ መቀበል እንዳለበት ለመግለጽ እንሞክራለን። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መዝገብ ሊያስጠፋ ይችላል።

የትእዛዝ መስመር ማለት የፕሮግራሙን ስም ጽፈን፣ ከስሙ ቀጥሎ የምንሻውን የምንጨምርበት መስመር ነው። ለምሳሌ ያህል የክፍል ውጤት የሚደምር «ውጤት» የተባለ ፕሮግራም አለን እንበል። ድምሩን ከጨረሰ በኋላ አሮጌውን መዝገብ እንዲያጠፋ ከፈለግን «ውጤት --አጥፋ» ብለን እንጽፋለን። ይህ በሁለት ሰረዝ የሚጀምረው ቃል «ፍላግ» ይባላል። እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ቁጠሩት፤ ከተጻፈ በርቷል፣ ካልተጻፈ ጠፍቷል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ከትእዛዝ መስመር የሚመጣ ነገር ሁሉ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው በጽሑፍነቱ ነው። ቁጥር ቢሆን፣ እውነት ቢሆን፣ ሐሰት ቢሆን ያው ጽሑፍ ነው። ፓይተን በተባለው ቋንቋ «አርግፓርስ» የሚሉት የትእዛዝ ማንበቢያ አለ። ጀማሪው «የዚህ ፍላግ ዓይነት ቡል ነው» ብሎ ይጽፍና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ ተጠቃሚው መዝገቡ እንዳይጠፋ አስቦ «--አጥፋ ሐሰት» ብሎ ያዛል። ፕሮግራሙ ግን መዝገቡን ድምጥማጡን ያጠፋዋል!

እንዴት ሆኖ? የፓይተን ቡል አንድን ጽሑፍ ሲመረምር የሚጠይቀው «ባዶ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ብቻ ነው። «ሐሰት» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል አለው፤ ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ እውነት ነው ይላል። በእንግሊዝኛው «ፎልስ» ብንለውም መልሱ ያው ነው። የፈተና ወረቀቱን ሳያነብ፣ አንዳች ነገር መጻፉን ብቻ አይቶ ራይት የሚያደርግ አራሚ ማለት ይህ ነው። የከፋው ደግሞ ስሕተት አለ ብሎ አለመጮኹ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ፍላጉ ምንም ዋጋ እንዳይቀበል ማድረግ ነው። አርግፓርስ ለዚህ «ስቶር ትሩ» የሚባል አሠራር አለው፤ ትርጉሙ «ቃሉ ከተገኘ እውነትን መዝግብ» ማለት ነው። ካልተገኘ ሐሰት ይሆናል። ለአብዛኛው ሥራ ይኸው ይበቃል። ሆኖም ፕሮግራሙ የፋይል ስምም የሚቀበል ከሆነ፣ ተጠቃሚው ከፍላጉ ቀጥሎ «ሐሰት» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ እንደ ፋይል ስም ሊወሰድ ይችላልና በመመሪያው ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ጥንድ ፍላግ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ የሚያጠፋ። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 3.9 እትሙ ይህን በራሱ የሚያዘጋጅ አሠራር ጨምሯል። ከስሙ ፊት «ኖ» የሚል ቃል ያለበትን ተቃራኒ ፍላግ ራሱ ይፈጥርልናል። መነሻ ዋጋ ካልሰጠነውና ተጠቃሚው ሁለቱንም ካልጻፈ ውጤቱ እውነትም ሐሰትም አይሆንም፤ «አልተነገረኝም» ማለቱ ነው። ዝም ያለ ሰው እምቢ ካለ ሰው እንደሚለይ ሁሉ፣ ይህም ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ዋጋ መቀበል ግድ ከሆነ ቃሉን አንብቦ መፍረድ ነው። «እውነት» እና «አዎ» ከሆነ እውነት፣ «ሐሰት» እና «አይ» ከሆነ ሐሰት፤ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ግን «አልገባኝም» ብሎ ማቆም ይገባል። መገመት ክልክል ነው!

ነገሩ በፓይተን ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስለን። ጎ በተባለው ቋንቋ መደበኛ የፍላግ ማንበቢያ የቡልያን ዋጋ የሚሰጠው በእኩል ይሆናል ምልክት ነው። ምልክቱን ትተን በባዶ ቦታ ለይተን «ፎልስ» ብንጽፍ ፍላጉ እውነት ሆኖ ይቀራል። ማንበቢያውም «ፎልስ» ከሚለው ቃል ላይ ይቆምና ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ፍላጎች አያያቸውም።

ስያሜም ቀላል ነገር አይደለም። «--አታጥፋ» ብለን ሰይመን ዋጋውን ሐሰት ብናደርገው፣ አለማጥፋት ሐሰት ነው ማለት ምን ማለት ነው? አንባቢ ግራ ይገባዋል። ስሙ አዎንታዊ ይሁን። ጉዳት የሚያደርስ ሥራ ደግሞ ካልታዘዘ በስተቀር ጠፍቶ ይቆይ፤ ሰው ረስቶ ዝም ቢል መዝገቡ መትረፍ አለበት።

በመጨረሻም ዕጩ መምህራን ይህን እንዲሞክሩ እናሳስባለን። አንድ ፍላግ ያለው አጭር ፕሮግራም ጽፋችሁ በአራት መንገድ ፈትኑት፦ ፍላጉ ሳይጻፍ፣ ፍላጉ ብቻውን ሲጻፍ፣ «ሐሰት» ሲከተለው፣ ትርጉም የሌለው ቃል ሲከተለው። የሚያጠፋው ነገር እውነተኛ መዝገብ ሳይሆን «ጠፋ» የሚል ቃል ማተም ብቻ ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የተማሪዎች የዓመት ልፋት የተመዘገበበት ፋይል ከመነካቱ በፊት ስሕተቱ እዚያው ይታይ።